ዛሩ አለ፣ ፈረሱ የለም

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ድምፁ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ደጋኑ የማሲንቆውን ጭራ ሲፈትገው ያያል። አዝማሪው ዞር ብሎ ይቃኘዋል፣ ከአለባበሱ ወይም ከአቀማመጡ አንድ ነገር ይነቅሳል፣ ስሙን ጠይቆ በግጥም ያስገባዋል። እንግዳውም «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ይወረውራል፣ ደስ ሲለው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፋል። እጁ፣ አፉ፣ ጭራውና ድምፁ አንድ ቦታ ናቸው።

አሁን ደግሞ በርሊን ወይም ሞንትሪያል ያለ አንድ የከተማ ኮንሰርት አዳራሽ እንግባ። መብራቱ ደብዝዟል። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕና ሽቦ የተተበተበበት ሣጥን አለ። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ሰው አቀርቅሮ ቆሟል። ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ይመጣል፤ ሰውየው የነካው ግን አንዲት ቁልፍ ብቻ ናት፤ ምናልባት እሷንም አልነካም። ከበስተጀርባው ባለው ግዙፍ ስክሪን ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ይተራመሳሉ። ትኬት የቆረጠው ታዳሚ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ «ይኼ ሰውዬ ኢሜይሉን ነው እንዴ የሚያየው?» ይላል። ቀልዱ ላፕቶፕ መድረክ ላይ ከወጣበት ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ያለ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ይህን ቅሬታ በሌላ ስም እናውቀዋለን፦ ፕሌይባክ። ድምፃዊው ማይኩን ይዞ ከንፈሩን ሲያላውስ፣ ባንዱ በሌለበት ዘፈኑ ከነከበሮው ከሞንታርቦው ሲወጣ፣ ሕዝቡ እንደተታለለ ይቆጥረዋል። ልክም ነው። ለኮንሰርት የሚከፈለው ገንዘብ ሲሠራ ለማየት የሚከፈል ገንዘብ ነውና። የሙከራ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ግን ሲሠራ ማየትን ገና ከመነሻው የጣለ ሙዚቃ ነው። ታዲያ ድምፁን የሚያወጣው እጅ በማይታይበት አዳራሽ ዓይን ምን ይሥራ? የዚህ ሙዚቃ ሰዎች ከ70 ዓመት በላይ መልስ ሲሞክሩ ኖረዋል። መልሶቹ እኩል አይመዝኑም፤ እኔም እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

ከካይሮ ዛር ቤት

የታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከፓሪስ ነው፤ ፒየር ሼፈር የተባለ የሬዲዮ መሐንዲስ በ1948 የባቡር ድምፅ ቀርጾ፣ ቆራርጦና ደጋግሞ «ይህም ሙዚቃ ነው» ብሎ በሬዲዮ ካሰማበት ጊዜ። ከእርሱ 4 ዓመት ቀድሞ ግን ካይሮ ላይ ሐሊም ኤል-ዳብ የተባለ፣ የእርሻ ምህንድስና የተማረ ወጣት ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተውሶ ወደ ዛር ሥርዓት ሄዶ ነበር። የሽቦ መቅረጫ ቴፕ ከመስፋፋቱ በፊት የነበረ ዕቃ ነው፤ ድምፁ የሚቀረው እንደ ፀጉር በቀጠነ የብረት ሽቦ ላይ ነው። ሥርዓቱ የሴቶች ስለነበር ወጣቱ ተሸፋፍኖ ነው የገባው ይባላል። ዛር ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት ለቀባሪ ማርዳት ስለሚሆንብኝ አልፈዋለሁ።

ኤል-ዳብ ቅጂውን ይዞ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ተመለሰ፤ ድምፁን ማሚቶ በሚፈጥር ክፍል ውስጥ እያጫወተ እንደገና ቀረጸው፣ የቀረጸውን መልሶ አጫወተ። የሴቶቹ ቃል እየሟሟ ሄደ። የከበሮው ምት ደበዘዘ። በመጨረሻ የቀረው ከቃሉና ከምቱ ሥር ተኝቶ የነበረው ንዝረት ነው። ሥራውን በዚያው በ1944 በካይሮ ወወክማ የሥዕል ማሳያ ውስጥ ለሰው አሰማ። የምትጮኸዋን ሴት ታዳሚው አላያትም፤ የምትንዘረዘረዋንም፣ ከበሮ መቺዋንም እንዲሁ። በእኛ አነጋገር ዛር የሰፈረበት ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ዛሩ ነበር፤ ፈረሱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙዚቃ መድረክ ላይ የተሞከረውን ሁሉ ለዛሩ ፈረስ ፍለጋ አድርጌ ነው የማየው።

ሼፈርና ባልደረባው ፒየር ኦንሪ ማርች 18 ቀን 1950 ፓሪስ ውስጥ፣ ፒያኒስቶች በሚቀመጡበት የኤኮል ኖርማል ደ ሙዚክ አዳራሽ፣ ለሕዝብ ኮንሰርት አቀረቡ። ታዳሚው ፊቱን ያዞረው ወደ ስፒከር ነበር። ነገሩ እንደማያዛልቅ ራሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም፤ በዓመቱ ዣክ ፑለን የተባለው መሐንዲሳቸው አንድ ዘዴ አመጣ። ተጫዋቹ በትልልቅ የሽቦ ቀለበቶች መካከል ቆሞ እጁን ሲያንቀሳቅስ ድምፁ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው ይሄዳል። ከሩቅ ሲታይ የኦርኬስትራ መሪ ይመስላል። ነገር ግን ሙዚቃው አስቀድሞ ተቀርጿል፤ እጁ የሚወስነው የት እንደሚሰማ ብቻ ነው። የተገኘው የመጀመሪያ ፈረስ ይህ ነው፤ ጭነት የማይሸከም ፈረስ።

ኋላ ላይ ሼፈር እጥረቱን ወደ ክብር ለወጠው። ፓይታጎራስ ደቀ መዛሙርቱን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ያስተምር ነበር የሚለውን የጥንት ተረክ አንሥቶ፣ ምንጩን ሳያዩ ድምፁን ብቻ መስማት ራሱን የቻለ የአደማመጥ ሥርዓት ነው አለ። በ1974 የሙዚቃ ደራሲው ፍራንሷ ባይል ለዚህ ሐሳብ ኦርኬስትራ ሠራለት፦ አኩስሞኒየም ይባላል፤ ትንሽና ትልቅ፣ ቀጭንና ወፍራም 80 ያህል ስፒከሮች ቫዮሊንና ጥሩንባ ነፊው በሚቀመጥበት ቦታ በመድረኩ ላይ ይደረደራሉ። ደራሲው ራሱ ከሕዝቡ መሐል ሚክሰር ፊት ይቀመጣል።

መጋረጃ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ አይደለም። በቅዳሴ ሰዓት የመቅደሱ መጋረጃ ተዘግቶ የካህኑ ዜማ ብቻ ሲሰማ «ማየት አለብኝ» የሚል ምእመን የለም። ነገሥታትም ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው በአፈ ንጉሥ የሚናገሩበት ዘመን ነበር። ከእነዚያ መጋረጃዎች ኋላ ግን ሰው እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ድምፁን የሚያከብደውም ይህ ነው። ከስፒከር ኋላ ያለው ግድግዳ ነው። ሼፈር መጋረጃውን ወሰደ፣ ከጀርባው የነበረውን ግን አላመጣም። በእንዲህ ያለ ኮንሰርት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ባየው አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እጨፍናለሁ።

ሕንፃው ራሱ ሲዘፍን

በ1958 ብራስልስ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት የፊሊፕስ ኩባንያ አምፖሉንና ስፒከሩን የሚያሳይበት ድንኳን ፈለገ፤ ሥራውን ለስመ ጥሩው አርክቴክት ለሌ ኮርቡዚዬ ሰጠ። እርሱም ቅርጹን በቢሮው ለሚሠራ ግሪካዊ መሐንዲስ አስተላለፈ። ያ መሐንዲስ ያኒስ ዜናኪስ ነው፤ ማታ ማታ ሙዚቃ የሚደርስ ሰው። የወለሉ ፕላን የጨጓራ ቅርጽ ነበረው፦ ሕዝቡ በአንድ በኩል ይዋጣል፣ 8 ደቂቃ ይፈጫል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። በየዙሩ 500 ያህል ሰው ይገባ ነበር። ከላይ እንደ ሸራ ድንኳን እየተጠማዘዙ ወደ ሰማይ የሚሾሉ የኮንክሪት ግድግዳዎች ነበሩ። በእነዚያ ግድግዳዎች ላይ ከ300 በላይ ስፒከሮች ተሰክተዋል።

ሙዚቃውን የሠራው በሰባዎቹ ዕድሜ የነበረው ኤድጋር ቫሬዝ ነው። ኩባንያው ለሕዝብ ጆሮ የሚቀል ሌላ ሰው ይመርጥ ነበር፤ ሌ ኮርቡዚዬ «ቫሬዝ ከሌለ እኔም የለሁም» ብሎ በአቋሙ ጸና። ሥዕላቱን ራሱ መረጠ፦ ጭምብሎች፣ እንስሳት፣ ሕፃናት፣ የጦርነት አስከሬን፣ የአቶም ፍንዳታ። ሁለቱ ሰዎች 480 ሰከንድ በሚለው ልክ ተስማሙ እንጂ የትኛው ሥዕል ከየትኛው ድምፅ ጋር እንደሚገጥም አልተመካከሩም። ሕዝቡ ሲገባና ሲወጣ ደግሞ የዜናኪስ አጭር ሥራ ይሰማ ነበር፤ የሚነድ ከሰል ፍንጥርጣሪ ድምፅ ተቀርጾ፣ ተቆራርጦና ተደራርቦ የተሠራ። የቤታችንን ከሰል ምድጃ ቡና ሲፈላ ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ሰው ነገሩ ሩቅ አይሆንበትም።

የብራስልሱ መልስ ትልቅ የሚሆንብኝ በሥዕላቱ ምክንያት አይደለም። ድምፁ የሚሄድበት መንገድ በግድግዳው ላይ ተቀይሶ ነበር፤ ድምፁ ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ በራስ ላይ ዞሮ በሌላው ጥግ ይወርዳል። ሰው ቀና ብሎ የሚያየው የድምፁን መንገድ ራሱን ነው። ስለዚህ ፈረሱ ሕንፃው ነበር። የዚህ መልስ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው፦ ሕንፃው በጃንዋሪ 1959 ፈረሰ። ዛሬ ቫሬዝን በሁለት ስፒከር የሚሰማ ሰው የሚሰማው የአጽሙን ያህል ነው።

ዜናኪስ ከዚያ በኋላ ራሱን ችሎ በዚሁ መንገድ ገፋበት። በ1971 በኢራን በፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ መካከል፣ በኮረብታው ላይ ችቦ እየተለኮሰ፤ በ1972 በፓሪስ ክሉኒ በሚገኘው የሮማውያን መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ 600 የሚፈነጥቁ መብራቶችና 3 ሌዘር ሰቅሎ። የክሉኒው ታዳሚ ወለል ላይ ተንጋልሎ ነበር የሚመለከተው። መብራቶቹን የሚያዘው በቴፕ ላይ የተጻፈ ትእዛዝ ስለነበር፣ ብርሃኑም እንደ ሙዚቃው የተደረሰ ድርሰት ሆነ። በ1970 ኦሳካ ላይ በተደረገው ትርኢት ጀርመኖች ለሙዚቃ ደራሲያቸው ለካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን የሠሩለት ክብ አዳራሽም የዚሁ ዘር ነው፦ 50 ስፒከር፣ ሕዝቡ ድምፅ በሚያሳልፍ ፍርግርግ ላይ ተቀምጦ ከሥሩም ከላዩም ይሰማል። አስደናቂ ነበር፤ ግን እንዲህ ያሉ ነገሮች የሚሠሩት መንግሥትና ኩባንያ ሊታዩ ሲፈልጉ ነው። ትርኢቱ ሲያልቅ እነርሱም ያልቃሉ።

ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ በሳን ፍራንሲስኮ ዲቪዛዴሮ መንገድ ቁጥር 321 ላይ የነበረች አንዲት ቤት ናት። ራሞን ሴንደርና ሞርተን ሱቦትኒክ በ1962 የመሠረቱት የቴፕ ሙዚቃ ማዕከል በ1963 ወደዚያ ገባ፤ ሙዚቀኛዋ ፓውሊን ኦሊቬሮስም አብራቸው ነበረች። ገንዘብ አልነበራቸውም። ቶኒ ማርቲን የተባለ ሠዓሊ ግን ነበራቸው፦ ቀለም፣ ፈሳሽና መስታወት በፕሮጀክተር ፊት እያንቀሳቀሰ፣ ሙዚቃው ሲሰማ እርሱም በዚያው ቅጽበት ብርሃኑን ይጫወት ነበር። የቴሪ ራይሊ «ኢን ሲ» የተባለው ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ በኖቬምበር 1964 የተሰማው እዚያ ነው። ዶን ቡክላ ሲንተሳይዘሩን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥረውን መሣሪያ፣ የሠራውም ለእነርሱ ነው፤ እንደ ኦርጋን ጥቁርና ነጭ ቁልፍ ሳይሆን በጣት የሚነካ ሳህን አደረገለት። ብርሃን ተጫዋች ያለው መሣሪያ የሆነው እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ነው። ኋላ የሮክ ዳንስ ቤቶች ይህን ወሰዱትና «ላይት ሾው» ተብሎ ዓለምን አዳረሰ፤ በጉዞው ላይ ግን ተጫዋቹ ጠፍቶ መብራቱ ብቻ ቀረ።

የተቀመጠው ፈረስ

በዚህ ዳሰሳ ውስጥ አንድ ኮንሰርት ብቻ ተመለስና እይ ብባል ሜይ 5 ቀን 1965ን እመርጣለሁ። በማሳቹሴትስ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ የሙዚቃ ደራሲው አልቪን ሉሲየር ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ራሱ ላይ ኤሌክትሮድ ተለጠፈለት። አንጎል ሲያርፍ አልፋ የሚባል ሞገድ ያወጣል፤ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚርገበገብ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 በታች ያለውን እንደ ድምፅ ስለማይሰማው ሞገዱ ብቻውን ምንም አይሰማም። ነገር ግን ጎልቶ ወደ ስፒከር ሲገባ የስፒከሩን ቆዳ ያንቀጠቅጣል፤ ስፒከሩ አጠገብ የተቀመጠው ከበሮ፣ ጎንግና ጸናጽል ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል።

አልፋ የሚመጣው ዓይን ሲጨፈንና ሐሳብ ሲረጋ ነው። ሉሲየር ዓይኑን ከገለጠ ሙዚቃው ይቆማል። ድምፅ ለማውጣት ቢጣጣርም ይቆማል። ሰውየው ምንም እንዳያደርግ መጠንቀቅ አለበት፤ ምንም ባላደረገ ቁጥር ከበሮዎቹ ይደበደባሉ። ሕዝቡ የሚያየው ፍጹም የማይንቀሳቀስ ሰው ነው፤ ግን ዓይኑን ከእርሱ ላይ መንቀል አይችልም። የዛር ቤት ሰው ይህን ለማወቅ ኤሌክትሮድ ባያስፈልገውም፣ ካይሮ ላይ ፈረሱን ያጣው ዛር በእኔ ግምት ያገኘው እዚህ ነው። መድረክ ላይ ላፕቶፕ ይዞ የማይንቀሳቀስ ሰው ሁሉ ራሱን ከሉሲየር ጋር ቢያስተያይ ጥሩ ነው። አለመንቀሳቀሱ አይደለም የሚያስቀይመው። ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም ለውጥ የሌለው መሆኑ ነው።

ኮምፒውተሩ ከመጣ በኋላ የተሰጡትን መልሶች በፍጥነት ልለፋቸው። አንዳንዶች እጅ ፈጠሩ፦ ሚሸል ዋይስቪስ በ1984 አምስተርዳም ላይ እጁ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ይዞ ወጣ፣ ሌቲሺያ ሶናሚ በ1990ዎቹ ጓንት ሠራች። ሌሎች በ2004 ሃምቡርግ ላይ ተሰባስበው ኮምፒውተር ላይ የሚጽፉትን ኮድ ለሕዝብ በስክሪን ማሳየትን መመሪያቸው አደረጉ፤ ሙዚቃው የሚሠራው እዚያው ሲጻፍ ነው። ታዳሚው ኮዱን አያነብም፤ ጸሐፊው አንዲት ምልክት ሲሳሳት ድምፁ ሲቋረጥ ግን ያያል። ይህን የምወደው ለዚህ ነው። አዝማሪም ግጥሙ ቤት አልመታ ሲለው ይታያል፤ ይሳቅበታል፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው።

ብዙኃኑ ግን ስክሪን ሰቀለ። ሶናር በ1994 በባርሴሎና፣ ሲቲኤም በ1999 በበርሊን፣ ሙቴክ በ2000 በሞንትሪያል የተባሉት ፌስቲቫሎች ሲጀመሩ ዓላማቸው ድምፅና ምስልን በአንድ ምሽት ማገናኘት ነበር፤ ከእነርሱ የወጣው መልካም ሥራ ብዙ ነው። ከዚያው ጋር የወጣ አንድ ልማድም አለ። ሙዚቃውን አንድ ሰው ይሠራል፣ ምስሉን ሌላ ሰው ይሠራል፣ ኮንሰርቱ ሲደርስ ይለጠፋሉ። ማለቂያ የሌለው ዋሻ፣ የሚሽከረከር ኪዩብ፣ የሚፈርስ ከተማ። የድሮ የሠርግ ቪዲዮ አንሺዎቻችን ሙሽሮቹን በልብ ቅርጽ ውስጥ አስገብተው ወደ ሰማይ ሲያበሩዋቸው ትዝ ይለኛል፤ ቴክኒኩ ተሻሻለ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ድምፁ በደከመበት ቦታ ምስሉ ይደምቃል። ፈረስ አይደለም፤ የፈረስ ዕቃ ነው።

አንድ ምንጭ

ከልጥፉ ተቃራኒ የሆነ ቤተሰብ አለ። በእርሱ ዘንድ ምስሉና ድምፁ ከአንድ ምንጭ ይወጣሉ። ሩሲያዊው ኤቭጌኒ ሙርዚን በ1950ዎቹ የሠራው ኤኤንኤስ የተባለ ሲንተሳይዘር የሚጫወቱት በመስታወት ላይ የተቀባ ጥቁር ቅባት እየፋቁ ነው፤ የተፋቀው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፣ ብርሃኑ ድምፅ ይሆናል። የታርኮቭስኪን ፊልም «ሶላሪስ»ን ያየ ሰው ይህን መሣሪያ ሰምቶታል። ካናዳዊው ኖርማን ማክላረን ደግሞ በ1971 «ሲንክሮሚ» በተባለው ፊልሙ በፊልሙ ጠርዝ የሚገኘውን የድምፅ መስመር ራሱን ወደ ምስሉ አመጣው፤ የምናየው ባለ ቀለም ሽንትር ድምፁ ራሱ ነው።

ነገሩን በቤት መሞከር ይቻላል። ኦሲሎስኮፕ የሚባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች መለኪያ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ አለች። የስቴሪዮውን ግራ ቻናል ነጥቧን ወደ ጎን እንዲያንቀሳቅስ፣ ቀኙን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያንቀሳቅስ ያገናኙት። በሁለቱም ቻናል አንድ ዓይነት ድምፅ ሲላክ ነጥቧ ዘመም ያለ መስመር ትሠራለች። አንደኛውን የዙሩን ሩብ ያህል ያዘግዩት፤ መስመሩ ክብ ይሆናል። አንደኛውን ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያድርጉት፤ ክቡ የላቲኑን 8 ይመስላል። ክራር ሲቃኝ ሁለት ክሮች ሊገጥሙ ሲሉ የሚሰማው መርገብገብ እዚህ በዓይን ይታያል፤ ቅኝቱ እስኪገጥም ምስሉ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። አውስትራሊያዊው ሮቢን ፎክስ ይህንኑ ከኦሲሎስኮፕ ወደ ሌዘር አሸጋግሮ አዳራሽ ሞላበት፤ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ሌዘሩንም ያንቀሳቅሰዋል። ጃፓናዊው ሪዮጂ ኢኬዳም ከ2008 ጀምሮ «ቴስት ፓተርን» በሚለው ተከታታይ ሥራው ማንኛውንም ዳታ በአንድ ጊዜ ወደ ድምፅና የዕቃ ባርኮድ ወደሚመስል ጥቁርና ነጭ መስመር ይለውጣል።

ኢኬዳን ሰው ቀዝቃዛ ነው ይለዋል። እኔ ሳየው የሚታወሰኝ ማኅሌት ነው። በአቋቋም ጊዜ መቋሚያው ከፍ ሲል፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ ከበሮው ሲዞር፣ የሊቃውንቱ ወገብ ሲያዘነብል ዓይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ለሌላው ጌጥ አልሆነም። ይህን ከልጅነቱ ያየ ተመልካች ልጥፍ ምስል ፈጥኖ ቢሰለቸው አይገርምም።

የመጨረሻው መልስ ጨለማ ነው። ኦቴከር የተባሉት ሁለት እንግሊዞች መብራቱን ሁሉ አስጠፍተው ይጫወታሉ፤ የሚታይ ነገር የለም፤ ከጎን ያለው ሰው እንኳ አይታይም። አንድ ሺህ ሰው በጨለማ አብሮ ሲቆም ዓይን ሥራ ፈትቶ ሰውነት ሁሉ ጆሮ ይሆናል። ከልጥፍ ምስል ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

አዘጋጆች ዘወትር የሚረሱት የፊዚክስ ነገርም አለ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ብልጭታውን ካየ በኋላ ድምፁን ለመስማት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይጠብቃል። እንደ መብረቅና ነጎድጓድ ማለት ነው። በኢኬዳ ዓይነት ሥራ ይህች ታህል ክፍተት ሁሉን ታፈርሳለች። የ50 ኸርዝ ወፍራም ድምፅ ደግሞ አንድ ሞገዱ 7 ሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳ ላይ ሲነጥር ከራሱ ጋር ይጋጫል፣ አንደኛው ወንበር ላይ ጥርስ ያንቀጠቅጣል፣ ሁለት ሜትር ያህል ፈቀቅ ሲሉ ይጠፋል። በዚህ ሙዚቃ አዳራሹ ዕቃ ማስቀመጫ አይደለም። እንደ ማሲንቆው ሣጥን ነው። ሞንትሪያል ያለው ሳት የተባለው ማዕከል በ2011 የከፈተው 18 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት ከነ157 ስፒከሩ የተሠራው ይህን በማሰብ ነው።

ወደ አዲስ አበባ

ከላይ ያቆምኩት ሐሊም ኤል-ዳብ የት ደረሰ? በ1950 አሜሪካ ሄደ፤ በ1950ዎቹ ማብቂያ በኒውዮርክ በኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ። ከ1962 እስከ 1964 ደግሞ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ካይሮ ላይ ድምፅን ከሰው ገላ የለየው ሰው አዲስ አበባ ላይ ያደረገው ተቃራኒውን ነው፦ ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ ከየቦታቸው ሰብስቦ፣ ተጫዋቾቹን አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ይህ ነው። ዛሬ የባህል ባንድ የምንለው አደራደር ከዚያ ብዙ ወርሷል። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ በከተማችን ትቶት የሄደው አንድም ሽቦ ያልነካው ኦርኬስትራ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ኤሌክትሪኩ በሌላ በር ገባ። ኦርጋን ብለን የምንጠራው ኪቦርድ ባንዱን ሁሉ ተክቶ ምሽት ቤቱንና ሠርጉን ያዘው፤ እኛም በዚያ ብዙ ስንማረር ኖርን። ዋሽንግተን ላይ ግን የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን እያነባበረ «ሸሞንሟናዬ»ን ሠራ። ካሴቱ በ2013 በውጭ አገር እንደገና ሲታተም ኃይሉ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ በሌለ ሰዓት ከመኪናው ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የአኮርዲዮኑ ትንፋሽ ከማሽኑ ምት ጋር ሲገጥም የሚሰማው ብቸኝነት የዚያ ዘመን ስደት ድምፅ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቀጣዩ ትውልድ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። በኒው ጀርሲ የተማረው ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «የአራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አወጣ፤ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም በዚያው ሰሞን ብቅ አለ። ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» አሉት። የአዝማሪ ድምፅና ክራር ቀርጸው፣ ቆራርጠው፣ ከወፍራም ባዝ ጋር ያጋጫሉ፤ ኤል-ዳብ በዛር ላይ ያደረገውን እነርሱ በአዝማሪ ላይ አደረጉት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቻቸው ግን የታተሙት ዋሽንግተን ነው፤ ያወደሳቸው ጆሮም ይበልጡን የውጭው ነው። እዚህ የቀረባቸው አድማጭ ሳይሆን የሚሰሙበት ቤት ይመስለኛል። አዳራሾቻችን አብዛኞቹ ለቴአትርና ለስብሰባ የተሠሩ ናቸው፤ ድምፁ ከፊት ብቻ ይመጣል፣ ወፍራሙ ድምፅ ጥግ ላይ ይታጎራል። ለኮንሰርት የሚመደበው ገንዘብ ደግሞ አሁን አሁን በብዛት የሚሄደው ወደ ኤልኢዲ ስክሪን ኪራይ ነው።

ለአዘጋጆች አንድ ልመና አለኝ። ለአንድ ምሽት ስክሪኑን ተዉት። በዚያው ገንዘብ 8 ሞንታርቦ ተከራይታችሁ በአዳራሹ ዙሪያ አቁሙ፣ ወንበሩን ወደ መሐል አዙሩት፣ መብራቱን አጥፉት፣ ማሲንቆ ተጫዋቹንና ላፕቶፕ የያዘውን ልጅ ከሕዝቡ መካከል አስቀምጡ። ሰው ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያን ጊዜ ራሱ ይፈልግ።

ለአንባቢም ቀላል ነገር አለ። ከካይሮው የዛር ቅጂ እስከ ዛሬ የቆየው ቁራጭ 2 ደቂቃ ያህል ነው፤ በ2000 በሲዲ ታትሟል፣ በኢንተርኔትም «ዋየር ሪከርደር ፒስ» በሚል ስም ይገኛል። ከፍታችሁ ስልኩን በፊቱ ድፉትና ስሙት።